መንገዱ ሲሰፋ፣ የሚቀረው ግቢ ስንት ያወጣል?

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ቤታችንን የገዛነው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን ዋናው መንገድ ዳር ነው። ባለፈው ወር ከመንገድ መሥሪያ ቤቱ አንድ ወኪል መጥቶ መንገዱ ከ4 መስመር ወደ 6 እንደሚሰፋ፣ 90 ጫማ ርዝመት ካለው ከግቢያችን ፊት ለፊትም 16 ጫማ እንደሚወሰድ ነገረን። እንግሊዝኛችን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ስለማይበቃ ያስተረጎመልን የ15 ዓመቱ ልጃችን ነው። 41,000 ዶላር እንደሚከፍሉን የሚገልጽ ወረቀት ሰጥተውን በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንድንሰጥ ጠይቀዋል። ወረቀቱን አያይዤ ልኬልዎታለሁ።

ባለቤቴ «ከመንግሥት ጋር ክርክር አንገጥምም፤ ፈርመን እንገላገል» ይላል። አዲስ አበባ የወላጆቼ ግቢ ለመንገድ ሲፈርስ አይቻለሁ። በሩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ትላላችሁ ብሎ የጠየቀን አልነበረም። እዚህስ እምቢ ማለት ይቻላል? ዋጋው የመጨረሻ ነው? ምድር ቤቱን የተከራየን ልጅ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ገና ስላላለቀ እንዳይባረር ፈርቷል። የቤቱ ብድርም አልተከፈለም። በካሳው ላይስ ግብር አለበት?

መልስ

ውድ እህቴ፣

የላኩልኝን የዋጋ ማቅረቢያ ገጽ ደጋግሜ አየሁት። አራት መስመር አለው። ለሚወሰደው መሬት 30,000 ዶላር፣ ግንባታው እስኪያልቅ ለሚጠቀሙበት ተጨማሪ ቦታ 6,000፣ ለአጥሩና ለሁለቱ ዛፎች 5,000። አራተኛው መስመር «በቀሪው ንብረት ላይ የሚደርስ ጉዳት» ይልና ከጎኑ 0 ተጽፎበታል። ዛሬ የምመክርዎ አብዛኛው ነገር የሚነሳው ከዚህ ዜሮ ነው። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን ሌሊት እንቅልፍ የነሣዎትን ጥያቄ ልመልስ።

መንገዱን ማስቀረት ይችላሉ ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። መንግሥት ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም የማስለቀቅ ሥልጣን አለው። የሕዝብ ጥቅም የሚባለው ነገር በብዙ ጉዳዮች ያከራክራል፤ ሁሉም ሰው የሚሄድበት አውራ ጎዳና ግን ከጥንት ጀምሮ ብዙም አከራክሮ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ለንደን ከተማ ጉዳይ በ5 ለ4 ድምፅ የወሰነው ሰዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ ከተማው የነዋሪዎችን ቤት ወስዶ ለልማት ዕቅድ ማዋሉ እንደ ሕዝብ ጥቅም ይቆጠራል ብሎ ነበርና። ከዚያ በኋላ ብዙ ግዛቶች ሕጋቸውን አጠበቁ። የቨርጂኒያ ሕዝብም በኖቬምበር 2012 ድምፅ ሰጥቶ የግዛቱን ሕገ መንግሥት አሻሻለ፤ ማሻሻያው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ይሠራል። እርስዎ የሚኖሩት ለባለ ንብረት ጠንካራ ጥበቃ በሚሰጥ ግዛት ውስጥ መሆኑን ይወቁልኝ።

ያ ማሻሻያ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። ጥቅሙ የሕዝብ ለመሆኑ የማስረዳት ሸክም የወሳጁ ነው። ለተባለው ጥቅም ከሚያስፈልገው በላይ መሬት መውሰድ አይቻልም። ካሳውም ቢያንስ የተወሰደውን ንብረት ዋጋ፣ የታጣ የንግድ ትርፍን፣ የመውጫና መግቢያ መታጣትን፣ እንዲሁም በቀሪው ንብረት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ማካተት አለበት። የመጨረሻዋን ሐረግ ከወረቀትዎ አራተኛ መስመር ጋር ያስተያዩ።

ወላጆችዎ ግቢ ላይ ያዩት ነገር እዚህም ቢከተልዎት አይገርመኝም። ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ካሳ የሚታሰበውም በላዩ ላይ ላፈራነው ንብረት ነው የሚል ሕግ ይዘን ነው ያደግነው። ስለዚህ የመንግሥት ወኪል በር ሲያንኳኳ ገና ከመነሻው ባለ መብት አይደለንም ብለን እንቀመጣለን። እዚህ አገር የቤቱ ሥር ያለው አፈር ራሱ የእርስዎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ የጸናው አምስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የግል ንብረት ያለ ተገቢ ካሳ ለሕዝብ ጥቅም አይወሰድም ይላል፤ ቃሉ ዜጋ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ወኪሉ የመጣው ከእርስዎ መሬት ሊገዛ ነው። ሻጯ እርስዎ ነዎት። ሽያጩ ግዴታ መሆኑ ዋጋውን አያሳንሰውም።

ባለቤትዎን ሲያነጋግሩም ይህን ይንገሯቸው። ክርክር ብለው የሚፈሩት ነገር በአብዛኛው ደብዳቤ መጻጻፍ ነው። የፌዴራል ገንዘብ በሚገባበት የመንገድ ሥራ ላይ የሚሠራው የ1970 የንብረት ግዢና የተፈናቃዮች ድጋፍ ሕግ መሥሪያ ቤቱ ከባለ ንብረቱ ጋር በድርድር ለመስማማት እንዲጥር ያስገድደዋል፤ ቨርጂኒያም በራሷ ሕግ ተመሳሳይ አካሄድ ትከተላለች። ባለ ንብረቱ የቀረበለትን ዋጋ የሚያጤንበት በቂ ጊዜ ማግኘት አለበት። የራሱን ማስረጃ አቅርቦ ዋጋው እንዲሻሻል መጠየቅም መብቱ ነው። ድርድሩን ሆን ብሎ በማዘግየት ወይም የክስ ጊዜን በማፋጠን እንዲፈርም ማስገደድ ደግሞ ክልክል ነው። ደንቡ መሥሪያ ቤቱ ምክንያታዊ ሆኖ ሲያገኘው ከግምቱ በላይ ከፍሎ እንዲስማማ ጭምር ይፈቅድለታል። ማለትም ወኪሉ ከእርስዎ የጽሑፍ መልስ ሲደርሰው የሚቀየም ሰው አይደለም፤ የእርስዎን ማስረጃ ለአለቃው ይዞ መግባት የሥራው አካል ነው። ባዶ እጁን እንዳይገባ ያድርጉት።

30 ቀኑን በተመለከተ፣ ቀኑ ሲያልፍ መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል። የእርስዎ ካሳ የመጠየቅ መብት ግን አብሮ አያልፍም። ቢሆንም ዝም ብለው አያሳልፉት። ዛሬውኑ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ ዋጋው ደርሶኛል፣ እያጤንኩት ነው፣ ሙሉው የንብረት ግምት ሰነድና የመንገዱ ፕላን ይላክልኝ፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሁን፣ የአማርኛ አስተርጓሚም እፈልጋለሁ። በዚህ ደብዳቤ ላይ ዋጋው አነሰ በዛ አይበሉ። የላኩበትን ማስረጃ ያስቀምጡ።

አስተርጓሚውን ነገር ለብቻው ላንሣው፤ ሲያሳዝነኝ የሚኖር ነገር ነውና። የ15 ዓመት ልጅ በወላጆቹ ቤት ዋጋ ላይ መሐል ቆሞ እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም። ልጅዎ ጎበዝ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን የንብረት ግምት ቃላት ለአዋቂም ይከብዳሉ፤ አንድ ቃል ቢያመልጠው ደግሞ ዕድሜ ልኩን በራሱ ላይ ይቆጥረዋል። በፌዴራል ደንቡ መሠረት ማስታወቂያውን ማንበብ ወይም መረዳት ለማይችል ሰው ተገቢው ትርጉምና ማብራሪያ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ውለታ አይደለም። ወኪሉ አስተርጓሚ ሳይዝ ከመጣ ሌላ ቀን ይቅጠሩት፤ ማፈር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዜሮው።

የመንገዱ ሰዎች ግምት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሚወሰደው ስፋት ነው። የፊት ለፊትዎ ርዝመት 90 ጫማ ነው ብለዋል፤ ሲባዛ በ16፣ 1,440 ካሬ ጫማ ይሆናል። ይህን በካሬ ዋጋ አባዝተው 30,000 ላይ ደርሰዋል። ለተወሰደው መሬት ይህ መጥፎ ዋጋ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ከነገ ወዲያ ቤቱን ሊገዛ የሚመጣ ሰው የሚያየው የተወሰደውን ቁራጭ አይደለም። የሚያየው ከደጁ 6 መስመር መንገድ የሚያልፍበትን ቤት ነው። ለዚያ ቤት ስንት ይከፍላል? ጥያቄው ይህ ነው።

ቁጥር ልስጥዎ፤ ለማስረዳት ብቻ የወሰድኩት ነው እንጂ ቤትዎን ገምቼ አይደለም። ግቢው እንዳለ 620,000 ዶላር ያወጣ ነበር እንበል። የ30,000 ቁራጭ ሲወሰድ በስሌት የሚቀረው 590,000 ነው። መንገዱ ከተሠራ በኋላ ግን ገዢ ከ550,000 በላይ የማይከፍል ከሆነ፣ በቀሪው ላይ 40,000 ጉዳት ደርሷል። ተገቢው ካሳ 30,000 ሳይሆን 70,000 ነው፤ የጊዜያዊው ቦታ ኪራይ ለብቻው ይታሰባል። መንገዱ ለቀሪው ግቢ ያመጣለት የዋጋ ጭማሪ ካለ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከጉዳቱ ላይ ሊቀንስ ይችላል። ለተወሰደው መሬት ከሚከፈለው ላይ ግን መቀነስ አይችልም።

ስለዚህ በቀሪው ንብረት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የሚያሳይ ማስረጃ ማሰባሰብ የእርስዎ ሥራ ነው። ወኪሉን በአንድ ነገር ያስቸግሩት፦ አዲሱ ወሰን የት እንደሚያርፍ ቀያሽ መጥቶ በችካል ያሳይዎት። ባለ ቀለም ጥብጣብ የታሰረባቸው ችካሎች ሣሩ ላይ ሲተከሉ በወረቀት ላይ 16 ጫማ የነበረው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ከፊት በሩ ደረጃ እስከ ችካሉ ለኩ። ከመኪና መግቢያው ላይም ከጋራዡ በር እስከ ችካሉ ለኩ። ዛሬ ሁለት መኪና ተከታትሎ የሚቆምበት መግቢያ ከሆነ፣ ነገ የሁለተኛው መኪና ጭራ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ይወጣ እንደሆነ ያያሉ። ከወጣ አንድ የመኪና ማቆሚያ አጥተዋል ማለት ነው። ተከራይ ላለው ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱን መኪኖች አቁማችሁ ከነችካሉ ፎቶ አንሡ።

ከዚያ ፕላኑን ያስመጡ። ብዙ ሰው ከላይ የሚታየውን ካርታ ብቻ አይቶ ይመልሰዋል። ጉዳቱ የተደበቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን በአግድም ቆርጠው የሚያሳዩት ገጾች ላይ ነው። እነዚያ ገጾች አዲሱ መንገድ ከዛሬው ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል ይናገራሉ። መንገዱ 2 ጫማ ከፍ ካለና መግቢያዎ በ16 ጫማ ካጠረ፣ መኪና ይዘው የሚወርዱበት ቁልቁለት በረዶ ሲጥል ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግርዎ አያስፈልግም። የጎርፍ ውኃውስ ወዴት ይወርዳል? ምድር ቤቱ በር አጠገብ ከሆነ የተከራይዎ ክፍል ላይ የሚመጣ ነገር ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ለመንገዱ መሐንዲስ በጽሑፍ ያቅርቡ። መልሱ ያልጠበቁትን ጥቅም ሊያመጣም ይችላል። አንዳንድ ጊዜ በተዳፋት ፈንታ የድጋፍ ግንብ በመሥራት የሚወሰደው መሬት ይቀንሳል፤ መግቢያውን ጥቂት በማዛወር ቁልቁለቱ ይስተካከላል። ከሚያስፈልገው በላይ አይወሰድም የሚለው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ቃል ጉልበት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሰዎች ሲረሱት አያለሁ። ካውንቲው ቤት ከመንገድ ወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚወስን ደንብ አለው። ወሰኑ ወደ እርስዎ 16 ጫማ ሲጠጋ ቤትዎ ከዚያ ርቀት በታች ሊሆን ይችላል። ያኔ በረንዳ ልጨምር ቢሉ፣ ወይም እግዚአብሔር አያድርገውና ቤቱ ቢቃጠልና እንደገና ልሥራ ቢሉ ምን ይፈቀድልዎታል? የካውንቲውን የፕላን ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ ገደብ አለ የሚል ከሆነ ያ ወረቀት በገማች ፊት ብዙ ይናገራል። ድምፅና አቧራ እንዲሁ በቀላሉ አይመዘኑም፤ ጎረቤት ሁሉ የሚጋራው ነገር ነው ተብሎ ክርክር ይነሳባቸዋል። ስለዚህ ማመልከቻዎን በድምፅ አይጀምሩት። በመግቢያው፣ በከፍታው፣ በጎርፉና በርቀቱ ይጀምሩ።

6,000 የተባለበት ጊዜያዊ ቦታም ዝርዝር ያስፈልገዋል። ጊዜያዊ ማለት ስንት ወር ነው? ሥራው ቢዘገይ ኪራዩ ይቀጥላል? ማሽን ያቆሙበታል ወይስ አፈር ብቻ ይስተካከልበታል? ሲጨርሱ ሣሩን፣ የውኃ ቧንቧውን፣ የመግቢያውን ኮንክሪት ማን ይመልሳል? በሥራው ወቅት መኪና ማስገባት የማትችሉባቸው ቀናት ካሉስ? ከእነዚህ ያልተጻፈው ሁሉ በእርስዎ ላይ እንደሚተረጎም አድርገው ይቁጠሩት። በተለይ ለኤሌክትሪክና ለስልክ መስመር የሚሆን ዘላቂ የመጠቀም መብት ፕላኑ ላይ ተሰምሮ እንደሆነ ይመልከቱ። መሬቱ የእርስዎ ሆኖ ይቀራል፤ ዛፍ መትከል ወይም ነገር መሥራት ግን አይቻልበትም።

ገማችን በተመለከተ፦ የመሥሪያ ቤቱ ገማች ንብረቱን ሲያይ ባለ ንብረቱ አብሮት እንዲዞር ዕድል ሊሰጠው ይገባል። በእርስዎ ጉዳይ ይህ ተደርጎ እንደሆነ ከደብዳቤዎ አልገባኝም። ካልተደረገ ይህንኑ ጽፈው እንደገና እንዲያይ ይጠይቁ። ሰነዱ ሲደርስዎ ሦስት ነገር ይፈልጉ። ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት ቤቶች የት ናቸው፣ መቼስ ተሸጡ? ምድር ቤቱ እንደ መኖሪያ ተቆጥሯል ወይስ እንደ ዕቃ ማስቀመጫ? ቀሪው ንብረት አልተጎዳም የተባለው በምን ምክንያት ነው? በሦስተኛው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ካገኙ የራስዎን ገማች ለመቅጠር በቂ ምክንያት አለዎት። መንገዱ ሊመጣ ነው ተብሎ የሰፈሩ ዋጋ ወርዶ ከሆነም ያ መውረድ በእርስዎ ላይ እንዲቆጠር ደንቡ አይፈቅድም።

ጠበቃ ያስፈልጋል ወይ? ዜሮው ዜሮ ሆኖ እስካለ ድረስ ቢያንስ አንድ ጊዜ ማማከር ይበጃል። ግን ማንኛውም ጠበቃ አይሆንም፤ ንብረት በማስለቀቅ ጉዳይ ለባለ ንብረቶች የሚቆም ይሁን። በዚህ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ጠበቆች የሚያስከፍሉት ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ ካስገኙት ላይ በመቶኛ ነው። ውሉ በጠቅላላው ገንዘብ ላይ መቶኛ እንዳይሆን አስምረው ያረጋግጡ፤ 41,000 ያለ ጠበቃ የተገኘ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ በጽሑፍ መሆኑም ለዚሁ ይጠቅማል።

አሁን ባለቤትዎ ወደሚፈሩት ፍርድ ቤት ልምጣ። ካልተስማማችሁ የቨርጂኒያ መንገድ መሥሪያ ቤት የገመተውን ገንዘብ በፍርድ ቤት በኩል አስይዞ መሬቱን በፍጥነት መረከብ ይችላል። ይህ ሲሆን ብዙ ሰው ሁሉም አለቀ ብሎ ይደነግጣል። አላለቀም። የተያዘውን ገንዘብ ፍርድ ቤቱን ጠይቃችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ማውጣታችሁ ተጨማሪ ካሳ ከመጠየቅ አያግዳችሁም። ከዚያ በኋላም ድርድሩ ሊቀጥል ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ጉዳዮች በአብዛኛው የሚያልቁት በስምምነት ነው። ካልሆነም የካሳውን ልክ የሚወስኑት የመንገዱ ሰዎች ሳይሆኑ ጁሪ (ከነዋሪዎች መካከል ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች) ወይም በጉዳዩ ጥቅም የሌላቸው የአካባቢው ባለ ይዞታዎች ናቸው። አንድ አደጋ ግን አልደብቅዎትም። የሚወሰነው ካሳ ከተያዘው ገንዘብ ካነሰ ትርፉን መመለስ ይኖርባችኋል። የራስዎን ገማች ሳይዙ እስከዚያ አይሂዱ የምለው ለዚህ ነው።

እስከዚያው አንድ ወረቀት ላይ ይጠንቀቁ። ወኪሎች አንዳንዴ ዋጋው ሳይቋጭ ወደ ግቢው ገብተው ሥራ ለመጀመር የሚያስችል ፈቃድ ያስፈርማሉ። በመርሕ ደረጃ የተስማማችሁበት ክፍያ ሳይፈጸም ወይም ገንዘቡ በፍርድ ቤት ሳይያዝ መሬቱን እንድታስረክቡ አትገደዱም። ለልኬትና ለአፈር ምርመራ የሚደረግ አጭር ጉብኝት ሌላ ነው፤ ቀያሾችን ከበር መመለስ አያስፈልግም። የሚፈርሙት የትኛውን እንደሆነ አስተርጓሚው ቃል በቃል ያንብብልዎት።

ስለ ተከራይዎ፦ አሁን ባለው ፕላን ቤቱ አይነካም፤ ስለዚህ ልጁን የሚያስወጣው ነገር የለም። እንደዚህ ብለው ያረጋጉት። የሚለወጠው ምናልባት የቀረው ግቢ ለመኖሪያ የማይበቃ ሆኖ ከተገኘ ነው። መሥሪያ ቤቱ የቀረው መሬት ለባለ ንብረቱ ጥቅም የማይሰጥ ወይም እዚህ ግባ የማይባል ነው ብሎ ሲያምን እርሱንም ልግዛ ብሎ ማቅረብ አለበት። ቤቱ በሙሉ ከተገዛ ተከራዩም እንደ ተፈናቃይ ይቆጠራል፦ ቢያንስ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የዕቃ ማጓጓዣ ወጪና ሌላ ቤት የሚከራይበት ድጋፍ አለው። ነገር ግን ይህን ድጋፍ ለማግኘት በአገሩ በሕጋዊ መንገድ መኖርን በፊርማ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው ያን ቅጽ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። የእናንተ የመሬት ካሳ ግን ከዚህ ጋር አይያያዝም፤ እናንተን ስለ መኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ የግዢው አካል አይደለም።

ባንኩ በቤቱ ላይ መያዣ ስላለው የካሳው ጉዳይ ይመለከተዋል። ቼኩ በእናንተና በባንኩ ስም ሊጻፍ ይችላል፤ የብድር ውሉ ባንኩ ገንዘቡን በዕዳው ላይ እንዲያውለው የሚፈቅድበት ጊዜም አለ። ከመፈረማችሁ በፊት ባንኩን ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። ገንዘቡ ላይ ዕቅድ አውጥታችሁ፣ አገር ቤት ለሚጠብቅ ሰውም ቃል ገብታችሁ ከሆነ ይህን ቀድሞ ማወቅ ከብዙ ቅሬታ ያድናል።

ግብሩ ከሚያስፈራው ያነሰ ነው። የፌዴራል ግብር ሕግ የሚወሰደውን ንብረት ተገድዶ እንደተሸጠ ይቆጥረዋል። ከገዛችሁበት ዋጋ የተወሰነው ድርሻ ለተወሰደው መሬት ይመደባል፤ ግብር የሚታሰበው ከዚያ በላይ በተገኘው ትርፍ ላይ ነው። ለቀሪው ንብረት ጉዳት የሚከፈለው ደግሞ በመጀመሪያ የቀሪውን የግዢ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ወዲያው እንደ ገቢ አይቆጠርም። ስለዚህ በስምምነቱ ላይ ለመሬት ስንት፣ ለጉዳት ስንት እንደተከፈለ ተለይቶ ይጻፍ። ትርፍ ቢኖርም ገንዘቡን በሌላ ተመሳሳይ ንብረት ላይ በጊዜ ገደቡ ውስጥ ካዋላችሁት ግብሩን ማስተላለፍ ይቻላል፤ ገደቡ በጥቅሉ 2 ዓመት ሲሆን ለኪራይና ለንግድ ለሚያገለግል ንብረት 3 ዓመት ነው። ምድር ቤታችሁ ስለሚከራይ ሒሳቡ ይደባለቃል። እ.ኤ.አ. የ2009ን የግዢ ሰነድና ለጥገና ያወጣችሁትን ደረሰኝ ይዛችሁ የሒሳብ ባለሙያ ዘንድ ሂዱ።

በመንገዱ ዳር ሱቅ፣ ካፌ ወይም የመኪና ጥገና ቤት ላላችሁ ሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልበል። በቨርጂኒያ ከ2013 ወዲህ የታጣ ትርፍና የታጣ መግቢያ በካሳ ይታሰባሉ፤ በብዙ ሌሎች ግዛቶች ግን የንግድ ኪሳራ አይከፈልም። የማስረጃው ሸክም የእናንተ ነው። ያለፉትን ዓመታት የግብር ሰነድና የሽያጭ መዝገብ ግንባታው ሳይጀመር አዘጋጁ። ገቢውን አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው ትርፍ ቀረብኝ ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋል።

እህቴ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ዛሬ ይላክ፤ ችካሉና ሜትሩ በዚህ ሳምንት። ፕላኑ ሲደርስዎ የመግቢያዎን ከፍታ የሚያሳየውን ገጽና የገማቹን ሰነድ ስለ ቀሪው ንብረት የጻፈበትን ክፍል ብቻ ይላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።